እናቷን ብቻ ለምን?

«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለውን ምክር ሰሞኑን አንድ ዘመዴ ለሚስት ፈላጊ ልጁ ሲለግስ ሰማሁ። ነገሩ የጠባይ፣ የሙያና የቤት አያያዝ እስከሆነ ድረስ እኔም አልጣላውም፤ ልጅ ጓዳ ውስጥ ያየችውን ይዛ ትወጣለች። ሰውዬው ግን በዚህ አላበቃም፤ «መልክም እኮ ከእናት ነው» ብሎ አከለበት። ይሄኔ የእንግሊዞቹ ቀይ ፀጉር ትዝ አለኝ።

ልዑል ሃሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲወለድ ቀይ ፀጉር ይዞ መጣ። እናቱ ዳያና ፀጉሯ ወርቃማ፣ የአባቱ የቻርልስ ደግሞ ቡናማ ነው። ሰዉ እናቱን አየ፣ አባቱን አየ፤ አልገጥም ሲለው ሐሜቱን ጀመረ። ጋዜጦቹም ለዓመታት ሌላ አባት ሲያፈላልጉለት ኖሩ። ልጁ ሲወለድ ዳያና ከታማችበት ሰው ጋር ገና አልተዋወቀችም ነበር፤ ሐሜት ግን መቼ ቀን ቆጥሮ ያውቃል? ወደ እናቱ ወገን ዞር ያለ ሰው መልሱን እዚያው ያገኘው ነበር፦ የዳያና እህት ሳራ ባለ ቀይ ፀጉር ናት፤ ወንድማቸውም በልጅነቱ እንዲሁ ነበር።

ቀዩ ከዘመድ እንዴት ይመጣል? ፀጉር የሚያጠቁር ቀለም አለ፤ የሚያቀላም አለ። በ16ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ኤምሲዋንአር የተባለ ዘረመል ሚዛኑን ወደ ጥቁሩ ያደላል። ልጅ ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ ቅጂ ይወርሳል፤ ሁለቱም ደካማ ከሆኑ ቀዩ ይበረታል። ደካማው አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ጤነኛው ይሸፍንለታል፤ ሰውዬውም ቀዩን በሆዱ ደብቆ ይኖራል። አንዳንዴ የሚያሳብቅበት ጢሙ ነው፤ ራስ ፀጉሩ ጠቆር ብሎ ሳለ አገጩ ላይ እንደ መዳብ ሽቦ የቀላ ጢም ጣል ጣል ይልበታል። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ፣ ከሁለቱም ደካማውን የመውረስ ዕድል ለእያንዳንዱ ልጅ ከ4 አንድ ነው። ሦስቱ ስላመለጡ አራተኛው ተራው ደርሷል አይባልም፤ ዕጣው በየወሊዱ እንደ አዲስ ይጣላል።

ነገሩ ግን በዚህም አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ወደ 350 ሺህ የሚጠጉ የብሪታንያ ሰዎችን ሲመረምር፣ ሁለት ደካማ ቅጂ ከያዙት አብዛኞቹ ቀይ ፀጉር እንደሌላቸው አገኘ፤ ሌሎች ዘረመሎችም እጃቸውን ያስገባሉ። እናቷን ማየት ቀርቶ ዘረመሏን ፈልፍሎ ያየ ሰው እንኳ እርግጡን አይናገርም ማለት ነው።

ተረቱን በዚህ አልከስሰውም፤ ያወጡት ሰዎች ስለ ፀጉር ቀለም አላሰቡም። የምጣላው «እናቷን» በሚለው ላይ ነው። የአባቷን ጢም የሚያይ ለምን ጠፋ? የአክስቷንስ ራስ? ልጅ የእናቷ ግልባጭ ናት ብሎ የሚያምን ሰው፣ ግልባጭ ያልሆነ ልጅ ሲወለድ ጥፋቱን የሚፈልገው እናትየዋ ላይ ነው። አራስ ጥየቃ የሄደ ያውቀዋል፤ ገንፎው እየተበላ አንዷ ሕፃኑን ገለጥ አድርጋ «ይሄ ደግሞ ማንን መሰለ?» ትላለች። ጥያቄው የሳቅ ነው፤ ዓይን ሁሉ ግን ወደ አልጋው ይዞራል። ደግነቱ ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት አትጠፋም፦ «የአባቱን አጎት ወጥቶ ነው፤ እናንተ አላያችሁትም እንጂ ቁርጥ እሱን!» ሽማግሌ ልላክ ብል በመጀመሪያ የማማክረው እሷን ነው።