አበባ ያልጠበቀ ተስፋ

በሚያዝያ መግቢያ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ብርዱ ገና ጨርሶ አይወጣላትም። አንድ ቀን ካፖርት ታስወልቃለች፣ በማግስቱ በረዶ ታርከፈክፋለች። ከመሀል ከተማው በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በኒር ኢስት ሳይድ፣ በአሮጌዎቹ የጡብ ቤቶች መካከል ግን ሬድበድ የሚሉት ዛፍ ማንንም ሳያማክር ያብባል። ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ነው የሚያብበው፤ ያውም ከቅርንጫፉ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ከግንዱ ቅርፊት ጭምር። ጠቆር ባለው እንጨት ላይ ሐምራዊዎቹ እንቡጦች እንደ ዶቃ ተደርድረው ሲታዩ፣ ደርቋል የተባለ ግንድ ሕይወት የዘራ ይመስላል። አበባው የሚመጣው በፋሲካ ሰሞን ስለሆነ፣ የዚያ ሰፈር ሰባኪ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ኢትዮጵያዊ ምእመን ግን ይህን ሲያይ ትንሽ ግር ይለዋል። የእኛ አበባ የመስከረም ነው። አደይ የሚፈነዳው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስቀል ዙሪያ ነው። ሁዳዴ በአብዛኛው የሚያልፈው በበጋው ድርቀት ውስጥ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ሲሆን እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። በልግ የሚያገኘው አገር ያን ጊዜ ይዘራል፤ በሌላው ግን መሬቱ እንደተሰነጠቀ፣ ከብቱ እንደከሳ፣ ገበሬው ሰማይ ሰማዩን እያየ ፋሲካ ይደርሳል። አያቶቻችን ቄጠማውን ከወንዝ ዳር ለቅመው ራሳቸው ላይ አስረው ትንሣኤን ያበሠሩት ሜዳው ሳያብብ ነው።

ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ነው። ተስፋ ከወቅት ጋር የሚመጣና የሚሄድ ስሜት ነው? ወይስ ወቅቱ ምንም ይሁን ምን ሰው ጠብቆ የሚያቆየው ነገር?

በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ጥያቄ አጥብቆ የመረመረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ ነበር። ቶማስ የተስፋን መልክ በአራት ነገሮች ለየ፦ ሰው ተስፋ የሚያደርገው መልካም የሆነውን፣ ገና ያልመጣውን፣ በቀላሉ የማይገኘውን፣ ግን ሊገኝ የሚችለውን ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ነገሩ ሌላ ስም ይኖረዋል። አይገኝም ብሎ መተው ቀቢጸ ተስፋ ነው፤ ያለ ድካም አገኘዋለሁ ማለትም በሌላው ጫፍ ያለ ትምክህት ነው። አበባ አይቶ ሁሉ መልካም ይሆናል የሚል ሰው ከዚህ ከሁለተኛው ስሕተት ሩቅ አይደለም።

ቶማስ አንድ ሌላ ጥያቄም አንሥቷል፤ ሰው ለሌላ ሰው ተስፋ ማድረግ ይችላል ወይ የሚል። መልሱ አዎን ነው፣ ፍቅር ካስተሳሰራቸው። የወደዱት ሰው መልካም እንደ ራስ መልካም ስለሚሆን፣ ለራስ ተስፋ የሚደረገው ለእርሱም ይደረጋል። ቁምስና ለሚባለው የካቶሊክ አጥቢያ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ ማግኘት ያስቸግራል፤ አንዱ ለሌላው ተስፋ የሚያደርግበት ቤት ነውና።

ቶማስ የቅዱስ ዶሚኒክ ማኅበር መነኩሴ ነበር። በኒር ኢስት ሳይድ በሰሜን 20ኛ ጎዳና ላይ የቆመው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም የተሰየመው በቅዱስ ዶሚኒክ ነው፤ ታሪኩም ከሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ካቶሊኮች ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በብዙ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጥቁር ምእመናን ከኋላ ወንበር ወይም ከሰገነት ላይ እንዲቀመጡ ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 በኮሎምበስ ለጥቁር ካቶሊኮች የተቋቋመው ቁምስና ቅዱስ ቆጵርያኖስ ይባል ነበር፤ በ258 በሰማዕትነት ባረፈው በአፍሪካዊው የካርታጎ ጳጳስ ስም መሆኑ ነው። በትምህርት ቤቱ ያስተማሩት የእናት ካትሪን ድሬክሰል ደናግል ነበሩ። ድሬክሰል የፊላደልፊያ ባለጸጋ የባንክ ባለቤት ልጅ ነበረች፤ ውርሷን ለጥቁሮችና ለነባር አሜሪካውያን ልጆች ትምህርት አውጥታ በ1955 አረፈች፤ በ2000 ቅድስት ተብላ ታወጀች። ቆይቶ የቅዱስ ቆጵርያኖስ ቁምስና ሲዘጋ ምእመናኑ ወደ ቅዱስ ዶሚኒክ ተሻገሩ።

ሰፈሩ ራሱ ብዙ ያየ ሰፈር ነው። በ1940 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የተገኙበት የፖይንዴክስተር መንደር ምረቃ ተከናወነ፤ በአገሪቱ ቀደምት ከሆኑት የመንግሥት መኖሪያ መንደሮች አንዱ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ አውራ ጎዳና 71 መጣና ሰፈሩን ከመሀል ከተማው ቆርጦ ለየው። ቤት ፈረሰ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ቤተሰብ ተበተነ። ፖይንዴክስተርም በኋላ አብዛኛው ፈረሰ። ሰው ሲበተን ቁምስናም ይሳሳል፤ ወንበሩ እንዳለ ነው፣ የሚቀመጥበት ግን ይጎድላል።

በዚያው በፖይንዴክስተር ያደገች አሚና ብሬንዳ ሊን ሮቢንሰን የተባለች ሠዓሊ ነበረች፤ በ1940 ተወልዳ በ2015 ያረፈች። ራግጎንኖን ብላ በሰየመቻቸው ሥራዎቿ ጨርቅ፣ ቁልፍና ዶቃ እየሰፋች የሰፈሯን ሰዎች ታሪክ ታኖር ነበር። አንዳንዱን ለዓመታት ሠርታበታለች፤ ሌላ ሰው አይቶ የራሱን እስኪጨምርበት ድረስም አላለቀም ትል ነበር። ሮቢንሰን ስለ ቁምስና አልሠራችም። ግን የፈረሰ መንደር ልጅ የተቀደደውን ጨርቅ እየቀጠለች ለሚመጣው ሰው ስትተውለት፣ ቶማስ በመጽሐፉ ያስቀመጠውን በመርፌዋ አሳይታለች።

ፈተናው ዛሬም አላበቃም። በ1868 የተመሠረተው የኮሎምበስ ሀገረ ስብከት ከ2021 ጀምሮ ቁምስናዎቹን እንደገና ሲያጠና ቆይቷል፤ ጥናቱን ተከትሎም የተጣመሩና የተዘጉ አሉ። ከ2022 ጀምሮ ሀገረ ስብከቱን የሚመሩት የሕንዳውያን ስደተኞች ልጅ የሆኑት ጳጳስ ኧርል ፈርናንዴዝ ናቸው። የካህን ቁጥር ሲያንስ፣ የጣሪያ ጥገና ወጪ ሲበዛ፣ ውሳኔ የግድ ይላል። ልጇን ያስጠመቀችበት፣ ባሏን የቀበረችበት ደጅ ለሚዘጋባት እናት ግን ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ላለችው እናት አበባ ወጣ ብሎ መስበክ አያጽናናም። የሚያጽናናት በሚቀጥለው እሑድ፣ በማታውቀው ቤተ ክርስቲያን፣ ጎኗ ጠጋ ብሎ ቦታ የሚለቅላት ሰው ነው።

ኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች ይህን ትምህርት ከቤታቸው ያውቁታል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ያህል ነበሩ። ከአባቶቻቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1791 ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለዱት አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። አንድ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ያጡ፣ በገዳም ትምህርት የበሰሉ ሊቅ ነበሩ። ከጣልያናዊው ሚስዮናዊ ከቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ጋር ተገናኝተው በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። በእምነታቸው ምክንያት ታሰሩ፤ በሰንሰለት እንደተያዙ ከሠራዊት ኋላ እየተጎተቱ በነሐሴ 1855 አረፉ። ነሐሴ ጭቃ እንጂ አደይ የለውም። የደከሙለት ማኅበር ምን እንደሚሆን ሳያዩ ነው የሄዱት፤ ብፁዕ ተብለው የታወጁት ከ71 ዓመት በኋላ፣ በ1926 ነው።

እንዲህ ያለውን ተስፋ የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት በላቲን ሥርዓት ያሳየናል። ከደጅ እሳት ይነድዳል። ካህኑ በትልቁ ሻማ ላይ መስቀልን፣ አልፋና ዖሜጋን፣ የዓመቱንም አራት አኃዝ ይቀርጻል፤ ለአምስቱ ቁስሎች አምስት የዕጣን ፍሬ ይተክላል። ከዚያ ሻማው መብራት ወደጠፋበት ቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ እሳቱም ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል። በዚህ ጊዜ ልብ ያለው አንድ ትንሽ ነገር ያያል። ሰም እንዳይንጠባጠብ የሚዘነብለው ያልበራው ሻማ ነው፤ የበራው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አረጋዊቷ ሻማዋን አጽንታ ትይዛለች፣ ሕፃኑ የእርሱን ወደ እርሷ ያዘነብላል። ቆየት ብሎ ንዑሰ ክርስቲያኖቹ ይጠመቃሉ፤ ቁምስናው ሳስቷል በተባለበት ዓመት እንኳ የሚጠመቅ ይገኛል።

በኮሎምበስ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ሌላም ጭንቅ አለ፤ የፋሲካው ቀን። በላቲን ቁምስና የሚያስቀድስ ሰው በ2024 ፋሲካን ያከበረው መጋቢት 22 ቀን ነበር፤ አገር ቤት ያሉት ወላጆቹ ግን ከአምስት ሳምንት በኋላ ሚያዝያ 27። እርሱ ሲፈስክ እነርሱ ገና በጾም ነበሩ። በኮሎምበስ ቁምስናዎች የዓርብ የዓሣ ጥብስ የሁዳዴ ወግ ሲሆን፣ እናቱ ዘንድ በሁዳዴ ዓሣም ቢሆን አይነካም። ስልክ ደውሎ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት እንኳ ቀን መቁጠር አለበት።

በ2025 ግን ቀኑ ገጠመ። ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሮምም፣ ኮሎምበስም፣ አዲስ አበባም በአንድ ቀን ፋሲካን አከበሩ። ዓመቱ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የተስፋ ተጓዦች በሚል መሪ ቃል ያወጁት ኢዮቤልዩ ነበር። በዕለቱ ታመው እያለ ሰገነት ላይ ወጥተው ሕዝቡን ባረኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ዐረፉ። ስለ ተስፋ ያወጁት ዓመት ሲፈጸም አላዩም፤ የኢዮቤልዩውን በር የዘጉት ተተኪያቸው ሊዮ 14ኛ ናቸው። አባ ገብረ ሚካኤልም፣ የቅዱስ ቆጵርያኖስ መሥራቾችም፣ ፍራንቸስኮስም የጀመሩትን የጨረሰው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ ምእመን፣ በኒር ኢስት ሳይድም ይሁን በአዲስ አበባ፣ በዚህ ፀደይ አንድ ነገር ቢያደርግ መልካም ነው። ደጃቸው የተዘጋባቸውን፣ መምጣት ያቆሙትን፣ ብቻቸውን የሚጾሙትን አንድ ሰው አስቦ ይደውልላቸው፤ አብሯቸው ያስቀድስ። ሁለቱ ፋሲካዎች ደግመው በአንድ ቀን የሚውሉት ሚያዝያ 8 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ የሚጠራ ብዙ ሰው አለ።