የጣሪያው አደራ

ሕፃን ልጅ የሚማርበትን ቤት አይመርጥም። ወላጅ ይልከዋል፣ ደወል ይጠራዋል፣ መምህር ያስቀምጠዋል። የግድግዳውን ስንጥቅ መርምሮ፣ የጣሪያውን ማገር ቈጥሮ «እዚህ አልቀመጥም» ለማለት ዕውቀቱም ሥልጣኑም የለውም። እንግዲህ ልጅን «ግባና ተቀመጥ» ብሎ ማዘዝ «ጣሪያው አይወድቅብህም» ብሎ ቃል መግባት ነው። ይህ ቃል በመዝገብ ባይሰፍርም፣ ኅብረተሰብ ለልጆቹ ከሚገባው ቃል ሁሉ የመጀመሪያው ነው።

ለመሆኑ ቃሉ ሲፈርስ ተጠያቂው ማን ነው? ሕንፃ እንደ ሰው ያረጃል። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ ጎርፍ የመሠረቱን አፈር ይሸረሽረዋል። ስለዚህም አደጋ በደረሰ ቁጥር «ጊዜ ጣለው»፣ «የተፈጥሮ ቁጣ ነው» የሚል ማመካኛ ይሰማል። ክፉ ያሰበ ሰው በሌለበት በደል ሊኖር ይችላልን?

በጣልያን አገር ሳን ጁሊያኖ ዲ ፑልያ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2002 የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። 27 ሕፃናትና አንዲት መምህርት በትምህርት ቤታቸው ፍርስራሽ ሥር ሞቱ። ብዙ ቤቶች ተሰነጣጥቀው ሲቆሙ ትምህርት ቤቱ ወደቀ፤ በአሮጌው ግንብ ላይ ተጨማሪ ፎቅ ተጭኖበት ነበርና። በይግባኝ የቀረበለት ፍርድ ቤት ከሥራው ባለሙያዎች ጋር የከተማይቱን ከንቲባ ጥፋተኛ አደረገ። ከንቲባውም በዚያው ፍርስራሽ ሥር የገዛ ልጁን ያጣ አባት ነበር። ለልጆች ክፉ ያሰበ ማንም አልነበረም፤ በደሉ ግን ነበረ። በደል ለመሆን መጥላት አያስፈልገውም፤ መመርመር የሚገባውን ሳይመረምሩ ማለፍ ይበቃዋል።

ሰው ከሞት በፊት ሊማር አይችልም ማለት ግን አይደለም። በካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ላይ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1933 በደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈራረሱ። ሰዓቱ ወደ ምሽት የተቃረበ ስለ ነበር ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ሕዝቡ «እግዜር አተረፈን» ብሎ ብቻ አልተቀመጠም፤ በአንድ ወር ውስጥ የትምህርት ቤቶችን ግንባታ በጥብቅ የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። በእንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጣሪያ በዕረፍት ቀን ወደቀ። ጣሪያው ከቀላል፣ ውስጡ እንደ አረፋ ከሆነ ኮንክሪት የተሠራ ነበር። በዚሁ ኮንክሪት የተሠሩ ከ100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ክፍሎቻቸውን እንዲዘጉ የታዘዙት ግን ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ2023 ነው። ዕድል ሁለቱንም አስጠንቅቃለች፤ አንደኛው ቶሎ ሰማ፣ ሌላው ዘገየ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ገበሬያችን ክረምት ሳይገባ የጎጆውን ክዳን ያድሳል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግድግዳውን ይመርጋል። ትምህርት ቤቱ ግን ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ዝናብ ሲጠጣ ይከርማል፤ መስከረም ሲጠባ ደወሉ ይደወላል፤ ልጆችም ይገባሉ። በመካከሉ ምሰሶውን ማን አየው? የሁላችንም የሆነው ቤት የማንም እንዳልሆነ ይቆጠራል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ ደጋግሞ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በስምጥ ሸለቆ ላይ የምንኖር ሕዝብ አላወቅንም ማለት አንችልም።

«ድህነትስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አሮጌውን ሁሉ አፍርሶ አዲስ መሥራት ካቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ድህነት ጥገናውን ያዘገይ እንደ ሆነ እንጂ ዝምታን አያጸድቅም። ከስንጥቁ ጫፍ ላይ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍና መስፋቱን መከታተል የሚጠይቀው እርሳስ ብቻ ነው። ትናንት ይገጥም የነበረ በር ዛሬ አልገጥም ካለ፣ ምሰሶው ሲመታ የባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ጣሪያው ከጎበጠ፣ መሐንዲስ እስኪያየው ድረስ ያንን ክፍል መዝጋት ይቻላል። በዛፍ ጥላ ሥር መማር ያሳዝናል፤ አይገድልም። ስንጥቁን ያየ መምህር በጽሑፍ ያመልክት፤ ማመልከቻው የደረሰው ኃላፊም በመሳቢያ ውስጥ በቆለፈው ቀን አደራው ከመምህሩ ወደ እርሱ መዞሩን ይወቅ።

እኛም የኪነ ጥበብ ሰዎች የምንጠየቅበት አለ። አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ እንዘፍናለን፤ ሕንፃ ሲወድቅ ሙሾ እናወርዳለን። በሁለቱ መካከል መሰላል ተደግፎ የዛገውን ቆርቆሮ የሚለውጥ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ የሚጠርግ ሰው አለ። ለእርሱ ግጥም ገጥመንለት፣ መድረክ ላይ አቁመነው እናውቃለንን? ኅብረተሰብ የሚያከብረውን ነገር ይሠራል፤ የማይታይ ጥበቃ ካልተከበረ የሚጠብቅ አይገኝም።

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። ልጆቻችን ግን ጣሪያው ቆሞ ሳለ የሚጮኽላቸው ይሻሉ። ያደራ ልክም ይኸው ነው፤ ምንም ባልሆነበት ቀን የተሠራው ሥራ።