ቤት ሳንገዛ ተቀምጠን ዋጋውን እንቁጠር



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፣ እርሱን መከተል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለሕዝቡ ሲያስረዳ በምሳሌነት ያነሣው የግንብ ሥራን ነው። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ፣ ለመፈጸሚያ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለውና እንደሌለው ያሰላል፤ ሳያሰላ የጀመረ ግን መሠረቱን ጥሎ መጨረስ ሲያቅተው የሚያዩት ሁሉ ይዘብቱበታል (ሉቃ. 14፤28-30)። ትምህርቱ የተሰጠው ስለ ነፍስ ነው። ሆኖም ምሳሌው ሰሚዎቹ በየዕለቱ ከሚያዩት ኑሮ የተወሰደ በመሆኑ፣ ስለ ቤትና ስለ ገንዘብም የምንማርበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ለምንኖር ሰዎች ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ ወላይታ ሶዶ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ፣ የአስተዳደርና የፖለቲካ መቀመጫም ሆናለች። በሥራ ምክንያት የሚመጣው፣ ለንግድ የሚገባው፣ ጎጆ የሚወጣው ወጣት፣ ሁሉም መጠለያ ይፈልጋል። ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ዕቃ ማጓጓዝ የሰለቸው አባወራ “ምነው የራሴ ጣሪያ በኖረኝ” ቢል አንፈርድበትም። ምኞቱ መልካም ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 “ሬሩም ኖቫሩም” በተባለው መልእክታቸው፣ ሠራተኛ ከደመወዙ ቆጥቦ ጥቂት ሀብት የሚያፈራበት መንገድ ሊኖረው እንደሚገባ አስተምረዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት “ላውዳቶ ሲ” የቤት ባለቤት መሆን ከሰው ክብርና ከቤተሰብ ዕድገት ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክተዋል። እንግዲህ ጥያቄያችን ቤት መመኘት ተገቢ ነው ወይ የሚል ሳይሆን፣ ለቤቱ የምንከፍለው ከማን እንጀራ ላይ ነው የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ በከተማ ቤት እንዲገዛ ሲባል በገጠር ያሉ ወላጆች የእርሻ በሬያቸውን ይሸጣሉ፤ መሬታቸውን ለብዙ ዓመት ለሌላ ያከራያሉ፤ ለመድረስ ዓመታት የሚፈጀውን የጓሮ እንሰት አስቀድመው ይጨርሳሉ። አዲስ አበባ በሊስትሮነትም ሆነ በቀን ሥራ የሚደክም ወንድም፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት፣ ከአፋቸው ቀንሰው ይልካሉ። ቤቱ ቆሞ ወላጆች ቢራቡ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ቢቀሩ፣ ባልና ሚስት በዕዳ ምክንያት ቢኳረፉ፣ የቆመው ግድግዳ እንጂ ቤት አይደለም። ቤት የተባለው በውስጡ ስለሚኖሩት ነውና።

ስለዚህ መቁጠር ያስፈልጋል። ለመሆኑ ምን ምን እንቁጠር?

በመጀመሪያ የምንገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባ ሳለ፣ እርሱም በግዞት አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ የአጎቱን ልጅ የአናምኤልን እርሻ በዓናቶት ገዝቷል (ኤር. 32፤6-15)። ግዢው የእምነት ሥራ ነበር፤ እግዚአብሔር ሕዝቡን ወደ ምድሩ እንደሚመልስ ምልክት ነበርና። ይሁን እንጂ ነቢዩ እምነት አለኝ ብሎ ሥርዓቱን አልተወም። 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ፤ ውሉን ጽፎ አተመ፤ ምስክሮችን ጠራ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ውል ለረጅም ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖረው ለባሮክ አዘዘ። የእግዚአብሔርን ቃል በጆሮው የሰማ ነቢይ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ እኛ በደላላ ቃልና በእጅ መጨባበጥ ብቻ ገንዘባችንን ልንሰጥ እንዴት ይገባናል?

በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ስለዚህ በከተማ ቤት የገዛ ሰው የገዛው ቤቱን ነው፤ በቦታው ላይ የሚኖረው የመጠቀም መብት ነው። ከከተማ ዳር የገበሬ መሬት ቆርሶ “ገዛሁ” የሚል ሰው ግን ሕግ የማያውቀውን ነገር ይዟል። በሌሊት የሚቆመው የጨረቃ ቤት በአንድ ቀን ሊፈርስ ይችላል፤ ገንዘቡን የተቀበለው ገበሬም መሬቱን ካጣ በኋላ ገንዘቡ ሲያልቅ ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለቱም ወገኖች ይጎዳሉ። ቤት በሕጋዊ መንገድ የሚገዛም ቢሆን የይዞታ ማረጋገጫውን በከተማው አስተዳደር ያስመርምር፤ ቤቱ በዕዳ እንዳልተያዘ፣ እገዳ እንደሌለበትም ይጠይቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። የቤተሰብ ሕጋችንም የጋራ የሆነውን ቤት ለመሸጥ የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ሳትፈርም የተገዛ ቤት የክርክር በር ነው፤ ከሕጉም በላይ በአንዲት እናት ዕንባ ላይ የተሠራ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመግዣው ዋጋ በኋላ የሚመጣውን እንቁጠር። የደላላ ክፍያ አለ፤ የውል ማስመዝገቢያ፣ የቴምብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ አለ። ውኃና መብራት ካልገባ የቆጣሪ ወጪ አለ፤ አጥርና መጸዳጃ ቤት አለ። እነዚህ አንድ ጊዜ ይከፈላሉ። በየዓመቱ የሚመለሱ ወጪዎችም አሉ፤ የቦታ ኪራይ ወይም የሊዝ ክፍያ፣ የቤት ግብር፣ ከሁሉም በላይ ጥገና። በአካባቢያችን ብዙው ቤት በባሕር ዛፍ ቆሞ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል፤ ቆርቆሮው ይዝጋል፤ ምርጊቱን የክረምት ዝናብ ያጥበዋል። በብሎኬት የተሠራውም ቢሆን ጊዜ ሳያገኘው አይቀርም። መጽሐፈ መክብብ በስንፍና ጣሪያ እንደሚዘብጥ፣ እጅን በማጠፍም ቤት እንደሚያፈስ ያስጠነቅቃል (መክ. 10፤18)። በጋ ላይ በአንድ ቆርቆሮና በጥቂት ሚስማር የሚደፈን ቀዳዳ፣ ችላ ከተባለ ክረምቱ ሲያልፍ ወራጁንና ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል። የግንባታ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው በሚጨምርበት ዘመን ጥገናን ማዘግየት ዕዳን ማሳደግ ነው። ስለዚህ ቤት ያለው ሰው ከወር ገቢው ጥቂትም ቢሆን ለጥገና ብሎ ለይቶ ያስቀምጥ።

ሦስተኛ፣ የብድርን ነገር እንቁጠር። ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ የጎደለውን 100,000 ብር ከአራጣ አበዳሪ በወር 10 በመቶ ተበደረ እንበል። በየወሩ 10,000 ብር ወለድ ይከፍላል። በ20 ወር ውስጥ 200,000 ብር ከቤቱ ይወጣል፤ ዋናው 100,000 ግን እንዳለ ነው። ይኸው ቤተሰብ 20 አባላት ባሉት፣ እያንዳንዱ በወር 5,000 ብር በሚጥልበት እቁብ ቢገባ፣ ዕጣው ሲወጣለት 100,000 ብር በአንድ ጊዜ ያነሣል፤ በ20 ወር ውስጥ የሚከፍለውም ያንኑ 100,000 ብር ነው፤ ወለድ የለበትም። መጽሐፍ ቅዱስ በድሃ ላይ አራጣ መጫንን ይከለክላል (ዘፀ. 22፤25)፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል ያደርገዋል። አራጣ የሚያበድር ምእመን ካለ በንስሓ ይመለስ፤ የቸገረውም ወደዚያ በር ከመሄዱ በፊት እቁቡን፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩን፣ ባንኩን ይጠይቅ።

“ድሆች ነን፣ ከየት አምጥተን እንቆጥባለን?” የሚል ይኖራል። ለጊፋታ በዓል አባቶች የበሬ መግዣውን በማኅበር ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ፣ እናቶች ቅቤውን ጥቂት በጥቂት ሲያስቀምጡ ያደግን ሕዝብ ነን። መቆጠብን ሌላ ሰው ሊያስተምረን አያስፈልግም። ለበዓል የምናውቀውን ትዕግሥት ለጣሪያችንም እናድርገው።

ቆጠራው ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይሁን። ጌታችን ግንበኛው “ተቀምጦ” እንደሚያሰላ ተናግሯል፤ ባል ብቻውን በገበያ ቆሞ ቀብድ አይክፈል። ባልና ሚስት አብረው ይቀመጡ፤ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆችም ይስሙ፤ ገንዘብ የሚጠየቁ ወላጆች ካሉ ሳያፍሩ “ይህ ከጉሮሯችን ነው” ማለት እንዲችሉ ይጠየቁ። በወረቀት ላይ አስቀድመው የማይነካውን ይጻፉ፤ ይኸውም ቀለብ፣ የልጆች ትምህርት፣ ሕክምና፣ ዘርና ማዳበሪያ፣ እድር ነው። ከዚያ የተረፈው የቤቱ ድርሻ ነው። ቀብድ ከመክፈላቸውም በፊት ቤቱ በወር ይጠይቃል ያሉትን ገንዘብ ለ6 ወር እየለዩ ያስቀምጡ። በእነዚህ ወራት ምሳና እራቱ ካልጎደለ፣ ሰላሙም ካልደፈረሰ፣ ቤቱን መሸከም እንደሚችሉ አወቁ ማለት ነው። ካልቻሉም ያወቁት ሳይዋረዱ ነው፤ ያስቀመጡትም ገንዘብ በእጃቸው አለ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለምስጢረ ተክሊል የሚዘጋጁ ወጣቶችን ስታስተምሩ ይህን ልምምድ እንድታስተምሯቸው አደራ እንላለን።

እግዚአብሔር ቤት የሰጠን ደግሞ የጎረቤታችንን ጣሪያ እንመልከት። በጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል የምናከራይ ከሆነ ተከራዩ የወጪያችን ማካካሻ ብቻ ሳይሆን ወንድማችን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ለክርስቲያን ግን በክረምት መካከል ልጆች ያሏትን እናት “ውጪ” ላለማለት ሕሊናው ሊበቃው ይገባል። የምታፈስ ጎጆ ያላት መበለት በቁምስናችን ካለች፣ ከመስቀል በዓል በፊት ቆርቆሮዋን የሚያነሡ ወጣቶች አይጥፉ።

ሆኖም ቆጥረን ቆጥረን ያልሞላልን እንኖራለን። የራስ ቤት አለመኖር ውርደት አይደለም። የሰው ልጅ ራሱን የሚያስጠጋበት አልነበረውም (ማቴ. 8፤20)፤ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ውስጥም ጸሎትና ፍቅር ካሉ እርሱ በዚያ ያድራል። እግዚአብሔር ያልሠራው ቤት የሠራተኞች ድካም ከንቱ እንደ ሆነ መዝሙረኛው አስተምሮናል (መዝ. 126/127፤1)። እርሱ ሲሠራ ከእኛ የሚጠብቀው ታማኝነትንና ማስተዋልን ነው።

በናዝሬት ቤት ከዮሴፍና ከማርያም ጋር የኖረው ጌታ፣ ቤት ላላችሁ ሰላሙን፣ ለምትሠሩ ብርታቱን፣ ለምትጠብቁ ትዕግሥቱን ይስጣችሁ። አሜን።