ጠበልና ኪኒን በአንድ ከረጢት፦ በመለኮታዊ ጥበብ መታመንና የራስ ማስተዋል ወሰን

መጽሐፈ ምሳሌ በሦስተኛው ምዕራፉ ሰው ልቡን ሳይከፍል ለእግዚአብሔር እንዲያስረክብና የገዛ ዕውቀቱን ምርኩዝ እንዳያደርግ ይመክራል። ይህ ምክር በክርስትና ሕይወት ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ከሚጠቀሱት አንዱ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው በሁለት የተሳሳቱ መንገዶች ነው። አንዳንዱ ምእመን ዕውቀትን የሚንቅ ትእዛዝ አድርጎ ይወስደውና መጠየቅን፣ መመርመርንና ሐኪም ማማከርን የእምነት ጉድለት ያደርጋል፤ ሌላው ደግሞ ትርጓሜው ይኸው ከሆነ ብሎ ምክሩን ለጥንቱ ዘመን ይተወዋል። ሁለቱም የሚዘነጉት ግን ያው መጽሐፍ ከምዕራፍ ምዕራፍ ጥበብንና ማስተዋልን ፈልጉ፣ ገንዘባችሁም አድርጓቸው እያለ የሚወተውት መሆኑን ነው። እንግዲህ የተከለከለው ማስተዋል ሳይሆን በማስተዋል ላይ ያለ ልክ መደገፍ ከሆነ፣ የሁለቱ ልዩነት በተግባር የት ላይ እንደሚገኝ ማጥራት ያስፈልጋል።

ጥያቄው በየዕለቱ ከሚፈተንባቸው አካባቢዎች አንዱ የአረርቲ አካባቢ ነው። አረርቲ በሰሜን ሸዋ ዞን የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ወረዳው በአንድ በኩል በጤፉና በሽምብራው የታወቀ የገበሬ አገር፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል መገኛ ነው። ጠበል ማለት በጸሎትና በመስቀል የተባረከ፣ ምእመናን ለፈውስና ለበረከት የሚጠመቁበትና የሚጠጡት ውኃ ነው። ወደዚህ ጠበል ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ሥፍራዎች ብዙ ሕሙማን ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም ሱባኤ ይገባሉ፤ ይህም ለተወሰኑ ቀናት ከዕለት ሥራ ተለይቶ በጾም፣ በጸሎትና በስግደት መቆየት ማለት ነው። እንደ ሌሎች የጠበል ቦታዎች ሁሉ ጠበልተኛው ማለዳ እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ ተራ ይጠብቃል፤ ከተጠመቀ በኋላም ለቤተሰቡ የሚወስደውን በቢጫ ጀሪካን ይቀዳል። ከልብሱ ጋር በያዘው ከረጢት ውስጥ ግን ከጤና ጣቢያ የተሰጠው ኪኒን ሊኖር ይችላል። ያ ሰው ኪኒኑን ምን ያደርገዋል የሚለው ጥያቄ፣ በመጽሐፈ ምሳሌ ምክር ላይ ከሚነሡት ሁሉ ይበልጥ ተጨባጭ ነው።

የዚያው አገር ገበሬ በእርሻው ላይ እንዲህ ያለ ጭንቀት አይገጥመውም። ለጤፍ ማሳውን ደጋግሞ አርሶ አፈሩን ያለሰልሳል፤ ሽምብራውን ግን ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይዘራል፤ ምክንያቱም ጥቁሩ አፈር የክረምቱን እርጥበት አምቆ ስለሚይዝና ሰብሉም በዚያ እርጥበት ስለሚያድግ ነው። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣና አረርቲ ተብሎ በከተማዋ ስም የተጠራ የተሻሻለ የሽምብራ ዝርያም አለ፤ ይህን ዘር የዘራ ገበሬ እምነቱን እንደ ካደ የሚቆጥረው ጎረቤት አይኖርም። ገበሬው የሚያውቀውን ሁሉ ከሠራ በኋላ የቀረውን እግዜር ያውቃል ይላል፤ ቃሉ የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነው፣ በሥራው ፈንታ አይደለም። በማርቆስ ወንጌል አራተኛ ምዕራፍ የተነገረው፣ ዘር ዘርቶ ተኝቶ ስለሚነሣውና ዘሩም እንዴት እንደሚበቅል ስለማያውቀው ሰው የሚናገረው ምሳሌም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይዟል፦ መዝራት የሰው ነው፣ ማብቀል ግን የሰው አይደለም።

ታዲያ በእርሻ ላይ የተስማሙት ዕውቀትና መታመን በሕመም ጊዜ ለምን ይጣላሉ? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ሰው ሞት ፊት ለፊት ሲቆም ግማሽ መልስ አይበቃውም። ሌላው ምክንያት ግን ፈውስ ሰው የእግዚአብሔርን እጅ ያለ አማላጅ ለማየት ከሁሉ በላይ የሚመኝበት ሥፍራ መሆኑ ነው። ዝናብና አፈር የእግዚአብሔርን ሥራ እንዲሸከሙ የሚፈቅድ ሰው፣ ለኪኒን ይህንኑ ለመፍቀድ ይቸገራል።

የዚህ ችግር ክብደት በኢትዮጵያ ይበልጥ የታየው በኤች አይ ቪ ዘመን ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገሪቱ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት መድኃኒት ባለመኖሩ ወይም ዋጋው ከብዙኃኑ አቅም በላይ በመሆኑ እንደ እንጦጦ ማርያም ያሉ የጠበል ቦታዎች ለብዙ ሕሙማን የመጨረሻ መጠጊያ ነበሩ፤ ቤተሰብና ጎረቤት የሸሹትን ሰው የተቀበሉትም እነዚሁ ቦታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ነቅሎ አያወጣም፤ መባዛቱን ገትቶ የሰውነት መከላከያ እንዲያገግም ያደርጋል እንጂ። ስለዚህ በየዕለቱ ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት፤ ሲቋረጥ ቫይረሱ ዳግመኛ ይበዛል፣ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዓይነትም ሊፈጠር ይችላል። በጠበል ድኛለሁ ብለው ወይም ጠበልና ኪኒን አይደባለቁም ተብለው መድኃኒታቸውን የተዉ ሰዎች ላይ የደረሰው ጉዳት ከዚህ የመነጨ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 በይፋ ያስተማሩት ይህንኑ ለማረም ነበር፤ የትምህርታቸውም ፍሬ ነገር ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይቃወምም፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት አይደለም የሚል ነበር።

ይህ ትምህርት ለጤና ጥበቃ ሲባል እምነትን ትንሽ ያላላ ስምምነት የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገሩ በጥልቀት ሲመረመር ግን የሚገኘው ተቃራኒው ነው። ኪኒኑን የጣለው ሰው በእግዚአብሔር ታምኛለሁ ይላል፤ ይሁን እንጂ በውስጡ ሦስት ነገሮችን ራሱ ወስኗል፤ እግዚአብሔር የሚፈውሰው በውኃው ብቻ መሆኑን፣ የሚፈውሰው አሁን መሆኑንና በሌላ መንገድ መዳን ክህደት መሆኑን። ከሦስቱ አንዱም አልተገለጠለትም፤ ሁሉንም ያገኘው ከገዛ ግምቱ ነው። እንግዲህ በራስ ማስተዋል መደገፍ ተስፋን ሁሉ በሐኪም ላይ በመጣል ብቻ አይገለጥም፤ የእግዚአብሔርን መንገድ አስቀድሞ በመወሰንም ይገለጣል፤ ይህ ሁለተኛው መልኩ የመንፈሳዊነትን ልብስ ስለሚለብስ ለመለየት ያስቸግራል። በመለኮታዊ ጥበብ መታመን ማለት ደግሞ በዋናነት ይህን የመወሰን ፍላጎት መተው ነው።

በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት አምስተኛ ምዕራፍ የተጻፈው የሶርያዊው የንዕማን ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። የጦር አለቃው ንዕማን ከለምጹ ለመንጻት ወደ ኤልሳዕ ሲመጣ ስለ አፈዋወሱ በአእምሮው የተሣለ ሥርዓት ነበረው፤ ነቢዩ ወጥቶ ይቆማል፣ አምላኩን ይጠራል፣ እጁንም ያነሣል ብሎ ጠብቆ ነበር። ኤልሳዕ ግን ወጥቶ እንኳ ሳያየው በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ መልእክተኛ ላከበት። ንዕማን የተቆጣው የመዳን ተስፋ ስለ ተከለከለ አይደለም፤ መዳኑ የመጣበት መንገድ እርሱ ከጠበቀው ያነሰ፣ ተራና የማያኮራ ስለሆነበት ነው። ወደ ዮርዳኖስ የመለሰውም የአገልጋዮቹ ቀላል ምክር ነበር። ለጠበልተኛ ይህ ታሪክ በብዙ መንገድ የቀረበ ነው፤ ውኃው ፈውስ እንደሚሆን ያስተምራልና። ነገር ግን ንዕማን ከውኃው በፊት የተፈወሰው ራሱ ከጻፈው የፈውስ ሥርዓት ነበር፤ ዛሬም ለአንዱ ሕመምተኛ ተራና የማያኮራው መንገድ በየማታው በሰዓቱ የሚዋጠው ኪኒን ሊሆን ይችላል።

የማቴዎስ ወንጌል አራተኛ ምዕራፍም በመታመንና በመፈታተን መካከል ያለውን ድንበር ያሰምራል። ፈታኙ ክርስቶስን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲጠይቀው፣ መላእክት ይጠብቁሃል የሚለውን የመዝሙር ተስፋ ጠቅሶ ነበር፤ በሌላ አነጋገር ጥያቄው የቀረበው በእምነት ቋንቋ ነው። ክርስቶስ የመለሰው አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ከኦሪት ዘዳግም በመጥቀስ ነው። መፈታተን ማለት እግዚአብሔር ያልሰጠውን የተስፋ ቃል እንደ ሰጠ ቆጥሮ፣ አደጋ ውስጥ ገብቶ እንዲፈጽመው ማስገደድ ነው። ደረጃ እያለ ከጫፍ መዝለል መታመን እንዳልሆነ ሁሉ፣ ያለውን መድኃኒት ጥሎ ተአምር መጠበቅም መታመን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ሲባል ሚዛኑ ወደ ሌላው ጎን እንዳያዘነብል ያስፈልጋል። ሁለተኛ ዜና መዋዕል በ16ኛው ምዕራፉ ንጉሥ አሳን የሚወቅሰው እግሩን በታመመ ጊዜ ባለ መድኃኒቶችን ብቻ ፈልጎ እግዚአብሔርን ስላልፈለገ ነው፤ ንጉሥ ሕዝቅያስ ግን በታመመ ጊዜ ጸለየ፣ ነቢዩ ኢሳይያስም በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ፤ ጸሎቱም ጥፍጥፉም በአንድ ታሪክ ውስጥ አብረው ቆሙ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን 81 ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሕመምተኛው አስቀድሞ እንዲጸልይና ንስሐ እንዲገባ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥ ይመክራል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ ያቆመው ቅዱስ ባስልዮስም ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ሕክምና የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነ፣ ነገር ግን የሰው ተስፋ ሁሉ በሕክምናው ላይ እንዳይጣል፣ ሕክምናውም ፈጽሞ እንዳይናቅ አስተምሯል። ኪኒኑን የሚውጥ ሰውም ዕድሜው በእጁ እንደሆነ ካሰበ በአሳ መንገድ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ማስተዋልን የሰጠው እግዚአብሔር ከሆነ በስጦታው መደገፍ ለምን ይከለከላል? በግእዝ የተጻፈው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የዚህ አስተሳሰብ ታዋቂ ምስክር ነው፤ በእርሱ ዘንድ ፈጣሪ በሰው ልብ ያኖረው የልቡና ብርሃን የሃይማኖቶችን ትምህርት የሚመረምር ዳኛ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ሊቁ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ድርሰቱ የኢጣልያዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ካለ ወዲህ ደራሲው ማን እንደሆነ ቢያከራክርም፣ የሐሳቡ ክብደት በክርክሩ አይቀንስም። መልሱ ግን ስጦታውን መካድ ሳይሆን ልኩን ማወቅ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ386 በአንጾኪያ ስለ እግዚአብሔር አለመመርመር በተከታታይ የሰበከው የአምላክን ባሕርይ ጠንቅቀን እናውቃለን ይሉ የነበሩትን ለመገሠጽ ነበር፤ በኢትዮጵያም አምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ ማለትም ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባንና ትንሣኤ ሙታን፣ ምሥጢር የተባሉት ሊማሯቸው የሚገቡ ሆነው ሳለ ተምረው የማይጨርሷቸው ስለሆኑ ነው። የአንድምታ ትርጓሜ፣ ማለትም አንዱን ጥቅስ በብዙ መንገድ የሚፈታው የቤተ ክርስቲያን የማብራሪያ ስልት፣ ለዚህ የተግባር ምሳሌ ይሆናል፤ መምህሩ አንዱን ፍቺ ሰጥቶ ሌላውን ይጨምርበታል እንጂ ቃሉን በእኔ ፍቺ ጨረስሁት አይልም። እዚያ ማስተዋል በትጋት ይሠራል፣ የመጨረሻውን ቃል ግን ለራሱ አያስቀርም።

በተግባር በእግዚአብሔር መታመንንና በራስ ማስተዋል መደገፍን ለመለየት የሚረዱ ጥቂት መመዘኛዎች አሉ። የመጀመሪያው ምክርን መቀበል ነው፤ የንስሐ አባቱንና ሐኪሙን በግልጽ የሚያማክር ሰው የመድኃኒቱንና የጠበሉን ሰዓት ማስማማት አያቅተውም፤ አንዱን ከሌላው የሚደብቅ ግን ውሳኔውን አስቀድሞ ጨርሷል። ሁለተኛው ያልጠየቁትን መልስ ለመቀበል መዘጋጀት ነው፤ ጸሎት አንድ መልስ ብቻ የሚፈቀድለት ከሆነ ትእዛዝ እንጂ ልመና አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ ውሳኔው የሚያርፍበት አካል የማን ነው የሚለው ነው፤ ወላጅ የልጁን መድኃኒት በራሱ እምነት ስም ቢከለክል፣ የሚሰጠው የራሱን ነገር ሳይሆን የሌላውን ሕይወት ስለሆነ መሥዋዕት ሊባል አይችልም።

እነዚህ ሁሉ ተሟልተውም ሕመምተኛው የማይድንበት ጊዜ አለ፤ በመለኮታዊ ጥበብ መታመን በእውነት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተወገደለትም፤ የተሰጠው መልስ መውጊያውን ተሸክሞ የሚያኖር ጸጋ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው እምነቱ ስላነሰ ነው ወይም የተደበቀ ኃጢአት ስላለበት ነው የሚል አስታማሚ፣ የኢዮብ ወዳጆች የወደቁበት ስሕተት ውስጥ ይወድቃል፤ እነዚያ ወዳጆች ለሰባት ቀን ዝም ብለው በመሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ መልካም አድርገው ሳለ፣ የመከራውን ምክንያት እናውቃለን ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ የእግዚአብሔር ቁጣ አገኛቸው። ስለዚህ በራስ ማስተዋል አለመደገፍ ለታመመው ብቻ የተሰጠ ምክር አይደለም፤ በዙሪያው ላሉትም፣ ስለ ሌላው መከራ ምክንያት ከመፍረድ ተቆጥበው ውኃውን በመቅዳት፣ የመድኃኒቱን ሰዓት በማስታወስና አብረው በመቆየት የሚፈጽሙት ግዴታ ነው።