ካህኑ ምን ያደርጋል?

«በተክሊል ነው ያገባችው» ሲባል የሰማ ሁሉ «እሰይ» ይላል። «በሰማንያ ነው» ሲባል ዝም። በሁለቱ ጋብቻዎች መካከል የሚቆመው ካህኑ ነው። ታዲያ ይህ ሰው የሚጨምረው ምንድን ነው? ጋብቻውን የሚሠራው እሱ ነው? ወይስ ሁለቱ የሠሩትን አይቶ የሚመርቅ ምስክር?

በአይሁድ ሕግ ሙሽራው በሁለት ብቁ ምስክሮች ፊት ቀለበቱን ለሙሽሪት ሰጥቶ ቃሉን ከተናገረ፣ እሷም ከተቀበለች ነገሩ አለቀ። ራቢው ሥርዓቱ እንዳይዛነፍ የሚጠነቀቅ የሕግ ዐዋቂ ነው እንጂ ጋብቻውን የሚያስረው እሱ አይደለም። የሮማ ካቶሊክም ምሥጢሩን የሚፈጽሙት ተጋቢዎቹ ናቸው ባይ ናት። ቄሱ የግድ ይገኝ የተባለው በ1563 እ.ኤ.አ. በትሬንት ጉባኤ ነው፤ ያውም በስውር የሚፈጸም ጋብቻ ስላስቸገረ። የእኛዋ ኦርቶዶክስ ግን ካህኑን ከመሐል ታቆመዋለች። ቀለበቱን ባርኮ፣ ቅብዓ ቅዱስ ቀብቶ፣ አክሊል ደፍቶ ሥጋ ወደሙ የሚያቀብል እሱ ነው።

ይህም ሆኖ አብዛኛው ምእመን በሽማግሌና በዋስ፣ በሰማንያ ተጋብቶ ኖሯል። ቤተ ክርስቲያኑን ንቆ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። በቁርባን የታሰረ አይፈታማ! ስለዚህ ስንቱ ባልና ሚስት ልጅ ድሮ፣ ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ተያይዞ ይቆርባል። እኔ በበኩሌ ይህን የዘገየ ቁርባን ከወጣቶቹ ካባና አክሊል አስበልጬ እወደዋለሁ። (ቪዲዮ ቀራጭ ስለማይከተለው ብቻ አይደለም።)

በገጠር የካህኑ ሥልጣን መሠረቱ ዕውቀት ነበር። በጎንደር፣ በወለቃና በአምቦበር፣ የቤተ እስራኤል ቄሶች ነጭና ቀይ ፈትል በሙሽራው ግንባር ሲያስሩ የማንን ልጅ እንደሚያጋቡ ያውቁ ነበር። ሰባት ቤት መቁጠሩ ለእነሱም ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም አንድ ነው። ቄሱ የመንደሩ መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ መዝገብ እስራኤል ሲደርስ ተዘጋ። በዚያ አገር አይሁድን የማጋባት ሥልጣን ያለው የራቢዎቹ ተቋም ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ የሚባል ነገርም የለም። ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ነበር። ሆኖም በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል የተጓዙት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ፣ ይሁዲነታችሁ ያጠራጥራልና ውኃ ውስጥ ጥለቁ ተባሉ። በ1978 ዓ.ም. መግቢያ ኢየሩሳሌም ከዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ቄሶቻቸውም ጋብቻ የመፈጸም ሥልጣን አልተሰጣቸውም። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ቄሱ የሚያውቃትን ልጅ የማያውቃት ጸሐፊ «ማን ነሽ?» አላት።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ ያደረጋትን አያትን ተመልከቱ። ኮንዶሚኒየሙም ቪላውም የሞላው ከሌላ ሰፈር፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር በመጣ ሰው ነው። እዚህ ሰባት ቤት ማን ይቆጥራል? ካህኑ ከሌላ ደብር የመጣ የንስሐ አባት ደብዳቤ አይቶ ያጋባል። እንደ መዝጋቢው ሁሉ እሱም ወረቀት አንባቢ ሆኗል።

የሚያውቅ ካህን ይመለስ ለማለት ግን ምላሴ ይያዛል። ጎንደርና ጎጃም ስንት ሕፃን ልጅ የተዳረችው ሁሉን በሚያውቅ ቄስ ፊት ነው! አባቷን ያውቃል፣ አያቷን ያውቃል፣ ዕድሜዋንም ያውቃል። ገና ዲያቆን ሳለ ድንግል ማግባት ስላለበት ለራሱም ለጋ ልጅ የታጨችለት ቄስ ጥቂት አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ሲል፣ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 አለ። በሃይማኖት የተፈጸመውን ጋብቻ ሕጉ ይቀበላል፤ ዕድሜዋን ግን ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የሚያነሣው ያ የማያውቃት መዝጋቢ ነው፤ ባያውቃትም በጀ!

እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? አንዱ ያውቃል፣ አይጠይቅም። ሌላው ይጠይቃል፣ አያውቅም። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ የማይበትን ምክንያት አላገኘሁም፤ የሰማሁት መልስ ሁሉ የሥልጣን ሽሚያ ነበር።

አያት ውስጥ የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። በወጣትነታቸው በሰማንያ ተጋቡ። ልጃቸው ውጭ ልትወስዳቸው ስትል ወረቀት ተጠየቁና ማዘጋጃ ቤት ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቆረቡ። ሠርጋችሁ መቼ ነበር ብላቸው፣ እሳቸው የቆረቡበትን ቀን ነገሩኝ። እማማ ግን ቡናውን እየቀዱ፣ «እሱ የነፍሳችን ነው» አሉ። «ሠርጋችንማ አባቴ ሽማግሌዎቹን ‹እሺ› ያሉ ዕለት ነው፤ ዝናብ ነበር።»