ሴቷ ኮሶ

በእንጅባራ ዙሪያ አንድ ገበሬ ነበር። ዛፍ ባየ ቁጥር ስንት ጆንያ ከሰል እንደሚወጣው ያሰላል። ማሳው ከጥግ እስከ ጥግ ደከረንስ የሚባል ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ በሁለተኛው ከሥሩ ሣር ያጭዳል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስለዋል። በዚህ ማንም አይፍረድበት፤ ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰው፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት የገቡት በዚያ ከሰል ነው።

አንድ ኅዳር ላይ ጭነቱን ተከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ሒሳቡ እስኪከፈለው እህቱ ቤት ሲሰነብት፣ የእህቱ ልጅ «አጎቴ፣ ቤት ውስጥ ከምትቆዝም» ብላ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወሰደችው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሰፋ ቦታ ነው። እሱ ግን ጽዱንም ወይራውንም እያየ «ይኼ እኮ እኛም አገር አለ» እያለ ያልፋል። ደጋ ከደጋ ምን ይለያል!

ኮሶው ጋ ሲደርሱም እንዲሁ አለ። አጠገቡ የምትኮተኩት አንዲት አትክልተኛ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ እናንተ ዘንድ ያለው ወንዱ ነው ሴቷ?» አለችው።

«ልጄ፣ ዛፍ ደግሞ ምን ወንድ ሴት አለው?»

ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ አሳየችው። ዘለላው ደም መስሎ ተንዠርግጓል። «ይቺ ሴቷ ናት፤ ለኮሶ ትል የሚጠጣው የእሷ አበባ ነው። ወንዱ ሌላ ዛፍ ነው፤ አበባው ፈዘዝ ይላል። የእሱን ብናኝ ነፋስ ካላመጣላት ፍሬ የላትም።»

ዘለላውን በመዳፉ ደገፈው። በልጅነቱ እናቱ አፍንጫውን ይዛ ያጠጣችው ይኸው ነው። ቅጠሉን ገለበጠ፤ ጀርባው ብር የመሰለ ለስላሳ ጠጉር አለው። ከዚያ በኋላ በየዛፉ እየቆመ መጠየቅ ጀመረ፤ የእህቱ ልጅ ደክሟት ተቀመጠች። የዕፅዋት ማዕከል ብርቅ ዛፍ የምናይበት ብቻ ይመስለናል፤ እኔ ግን ትልቁ ሥራው በየደጃችን ያለውን ማስተዋወቁ ይመስለኛል።

አገሩ ሲመለስ መጀመሪያ የሄደው ዛፎቹን ሊያይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። ከዚያ ዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ያለውን ደን ሲዞር ዋለ። ማሳው ጥግ ላይ የኮሶ ችግኝ ሲተክል ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በልጆቹ ጉሮሮ ላይ ነው የምትተክለው?» አለችው። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ ኮሶ ለአምስት ዓመት አዝመራ አይሆንም። እሱም ደከረንሱን አልነቀለም፤ እንዲያውም የደከረንሱንም ቅጠል መገልበጥ ለመደ።

በኋላ የዝገት በሽታ የአካባቢውን ደከረንስ ሲመታ፣ ቡናማውን ዱቄት ገና ጥቂት ቅጠል ላይ እያለ አገኘው። ቅርንጫፉን ቆርጦ ለግብርና ባለሙያው አደረሰ። ማሳው ግን አልተረፈለትም። ቅርንጫፉን ባደረሰ ማግስት ግን ጎረቤቱን ከቤቱ ጠርቶ፣ የእሱንም ማሳ ረድፍ በረድፍ ቅጠል እየገለበጡ አብረው ያዩ ጀመር።