የአልጋ ቁጥር ስም አይሆንም

ልጄ ሆይ፤ ነጩን ጋወን ከደረብህ ወዲህ ሰውን ቀና ብለህ ማየት ትተሃል። ካርዱን ታያለህ፣ ፊልሙን ታያለህ፣ የላብራቶሪውን ወረቀት ታያለህ፤ ከወረቀቱ ማዶ ተኝቶ ዓይን ዓይንህን የሚያይህን ሰው ግን አታየውም። «አልጋ ሰባት እንዴት አደረ?» ብለህ ትጠይቃለህ። አልጋ ታሞ አያድርም፤ የሚያድረው ሰው ነው። ስም አለው፣ አገር አለው፣ ምናልባትም ያለውን አንድ በሬ ሸጦ መጥቷል፤ አንተ ግን አልጠየቅኸውም። አባቶችህ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለቄስ ብቻ መስሎህ እንደሆነ ተሳስተሃል። ጋወኑም ጥምጣም ነው።

ተምሬያለሁ እንደምትለኝ አውቃለሁ። አጥንቱን ከነስሙ፣ ደም ሥሩን ከነመንገዱ ለቅመህ ይዘሃል፤ ሌሊቱን በተረኝነት አንግተህ፣ ምሳህን ቆመህ በልተህ እዚህ ደርሰሃል። ይህን ድካምህን የሚያቃልል አፍ ይዘጋ። የምቆጣህ በተማርኸው አይደለም፤ በናቅኸው ነው። የታሪኩን፣ የሥነ ጽሑፉን፣ የፍልስፍናውን፣ የሥነ ምግባሩን ትምህርት «ለማለፍ ያህል» ብለህ በፈተና ዋዜማ አነበብኸው፣ በማግስቱ ጣልኸው። ሕመም ግን ከሥጋ ጋር ብቻ አይመጣም፤ ከሰውየው ቤትና ዕዳ፣ ከእምነቱና ከኀፍረቱ ጋር ተያይዞ ይመጣል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይባላል፤ ሥጋን ብቻ ያጠና ሐኪም የበሽታውን እኩሌታ ሳያይ መድኃኒት ያዝዛል።

መርዶን ውሰድ። አያቶችህ መርዶ ማርዳት ያውቁ ነበር። የሩቅ ሞት ሲሰማ ወሬው ለዘመድና ለጎረቤት ይደርሳል እንጂ ወደ ባለ ሐዘኑ አይሮጥም። አስቀድሞ ማን ይንገር ተብሎ ይመከራል፤ ሽማግሌው፣ የንስሐ አባቱ፣ የልብ ወዳጁ ይመረጣሉ። መንገድ ላይ ያለ አይረዳም፤ ብቻውን ያለ አይረዳም። ሌሊቱን በሰላም እንዲተኛ ይተዉታል። ጎሕ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ከግራና ከቀኝ ቀርቦ፣ ያን ጊዜ ይነገረዋል። ነጋሪዎቹም ነግረው አይሄዱም፤ አብረው ያለቅሳሉ፣ አብረው ይውላሉ፣ እህል እስኪቀምስ ይጠብቃሉ። ይህን ሥርዓት ማንም በትምህርት ቤት አላስተማራቸውም፤ የሰው ልብ ምን ያህል እንደሚችልና ምን እንደሚሰብረው ለዘመናት አይተው የደነገጉት ሕግ ነው።

አንተስ? ኮሪደር ላይ ቆመህ፣ ስልክህ በኪስህ እየጮኸ፣ የሰው መዓት በመካከላችሁ እያለፈ፣ «ካንሰር ነው፤ ተሠራጭቷል» ብለህ ለልጅቱ ትነግራትና ወደሚቀጥለው ክፍል ትገባለህ። እናትዬው በር ሥር ቆማ የልጇን ፊት እያየች ትቀራለች። ወይም በሽተኛው ተኝቶ እየሰማህ ከባልደረቦችህ ጋር በእንግሊዝኛ ትመክርበታለህ፤ እርሱም ቋንቋውን ባያውቅ ፊታችሁን ያነባል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። አንተ በአንዲት ደቂቃ የተናገርኸውን ያ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል፤ የነገርኸውን ብቻ አይደለም፣ አነጋገርህንም ጭምር።

ዋሽ አላልሁህም። መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም ነበር። ደግሞ ሌላው ጓደኛህ ከቤተሰቡ ጋር ተመሳጥሮ በሽተኛውን «ጨጓራ ነው» እያለ እስከ መቃብር አፋፍ ይሸኘዋል፤ ሰውየው ንስሐ ሳይገባ፣ ኑዛዜ ሳይናዘዝ፣ ዕዳውን ሳያስታውቅ፣ የተጣላውን ሳይታረቅ ይሞታል። ይህን ርኅራኄ አትበለው፤ ፍርሃት ነው፤ ከሟቹ የመጨረሻውን ሥራውን መስረቅ ነው። እውነቱ ለማን ይነገር፣ መቼ ይነገር፣ ማን በተገኘበት ይነገር የሚለውን ማመዛዘን ከፍልስፍና ይገኛል። ሐዘንተኛ ምን ሰምቶ ምን እንደማይሰማ ማወቅ የሰውን ባህል በማጥናት ይገኛል። ቃል መምረጥ ከሥነ ጽሑፍ ይገኛል። አንተ «ለማለፍ ያህል» ያልኻቸው እነዚህን ነው።

ታሪኩንም እንዲሁ ጥለኸዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠል ከተማው በጭስ ይታፈናል፤ አንተም ጭሱን ትወቅሳለህ፤ ስለ ጭሱ አልከራከርህም። ግን ከጭሱ በስተጀርባ ማን እንዳለ ጠይቀሃል? በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ሲያጭድ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተኝተው ነበር። ሐኪሙ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ቀባሪም ጠፋ። ሌላው ቢረሳው እንኳ ይህን ሐኪም ይረሳዋል? ብትማረው ኖሮ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ ሕዝቡ ለቅሶ መድረስ አልተው ሲልህ «አላዋቂ» ብለህ ባልዘለፍኸው ነበር። ሰው ያለ ቀባሪ መሄዱ ለዚህ ሕዝብ ሁለተኛ ሞት ነው። ይህን የተረዳ ሐኪም ገና ከጅምሩ ከዕድሩ ዳኛ ጋር ተቀምጦ ይመክራል፤ ያልተረዳው ክልከላ ለጥፎ ይቆጣል።

የጠበሉንም ነገር አስታውስ። የኤችአይቪ መድኃኒት ወደ አገር ከገባ በኋላ እንጦጦ ማርያም ጠበል ከገቡት ብዙዎች መድኃኒቱን መዋጥ እምነት ማጉደል መስሏቸው ተዉት። ሐኪሙ ይዘልፋል፣ አጥማቂው ይገዝታል፣ በመካከል ሰው ይሞታል። የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ሲናገሩ ነው የብዙዎች ልብ ያረፈው። ሐኪሙ የበሽተኛውን እምነት እንደ እንቅፋት ባያየው፣ ከንስሐ አባቱ ጋር አንድ ቀን ቢቀመጥ፣ ይህንኑ ቃል ቀድሞ ባገኘው ነበር።

ሰውን ያከበረ ዓይን ምን እንደሚያገኝ ከዶክተር አክሊሉ ለማ ተማር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያን ነገር ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያለውን ወንዝ ተመለከተ፤ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኛቸው። ያን ወንዝ ስንት የተማረ ሰው ተሻግሮታል! ልብስ አጣቢ ሴቶችን ያየ ግን እርሱ ነው። ከሥራ ባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙበት። እንዶድን በየጓሮው እያጠቡበት ለዘመናት ያቆዩት እናቶቻችን ናቸው፤ የሳይንቲስቱ ጨዋነት እነርሱ የሚያደርጉትን ለመጠየቅ አለማፈሩ ነው።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው። የኢትዮጵያን የሕክምና ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመልህ እንግሊዝ አገር የተወለደው ሪቻርድ ፓንክረስት ነው። የአባቶችህን የመድኃኒት ብራናዎች እያገላበጠ ያጠናልህ የፖላንዱ ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ግን አንተ የት ነበርህ? የደብተራውን መጽሐፈ መድኃኒት ሳታነብ ሳቅህበት። በውስጡ አስማት አለ፣ ከንቱ ነገርም አለ፤ ነገር ግን ኮሶን ለትል ያዋለ ዕውቀትም አለ፤ ያ ኮሶ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የአውሮፓ ሐኪሞች መድኃኒት ሆኖ ነበር። ገለባውን ከፍሬው መለየት የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ ሁሉንም ማፍሰስ የማንም ሥራ ነው።

የቀደሙት ሐኪሞችህ እንዲህ አልነበሩም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በሕፃንነታቸው እንግሊዞች ወስደዋቸው ህንድ አገር አደጉ፣ ሕክምናም ተማሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሰው አከሙ፤ አክመውም አላበቁም፤ ጂኦግራፊን በአማርኛ ጻፉ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መሩ። ዶክተር መላኩ በያን አሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1935 ተመረቀ፤ ፋሺስት አገሩን ሲወር ቁስለኛ ለማከም ዘመተ፤ ኋላም ኒው ዮርክ ላይ ብዕር አንሥቶ ጋዜጣ አቋቁሞ ለኢትዮጵያ ተሟገተ። እነዚህ ሰዎች ሐኪምነትን ከሊቅነትና ከዜግነት አልለዩትም።

ዕውቀት ብቻውን ደግ ያደርገኛል ብለህ አትታመን። እ.ኤ.አ. በ1946 በሕክምና ስም በተፈጸመ ወንጀል ኑርምበርግ ላይ ለፍርድ የቀረቡት ያልተማሩ አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ዶክተሮች ነበሩ። አሜሪካ አላባማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ወደ 400 የሚጠጉ ጥቁር የቂጥኝ በሽተኞች ፔኒሲሊን ተገኝቶ ሳለ ሳይሰጣቸው፣ እስኪሞቱ ድረስ እየታዩ ተመዘገቡ። መዝጋቢዎቹ ንጹሕ ጋወን የለበሱ ሰዎች ነበሩ። በእስራኤልም የኢትዮጵያ ልጆች እንደ ሌላው ዜጋ እጃቸውን ዘርግተው የሰጡት ደም ኤችአይቪን በመፍራት በምስጢር ሲደፋ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1996 ተገለጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ኢየሩሳሌም ላይ በቁጣ ወጡ። ፍርሃቱ የሕክምና ምክንያት ነበረው ትለኝ ይሆናል። ሰውን በፊቱ «እናመሰግናለን» ብሎ ሸኝቶ ደሙን ከኋላው መድፋት ምን ዓይነት ሕክምና ነው? ደም መስጠት ለዚያ ወጣት ዜግነቱ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ቢኖር ኖሮ!

ሌሎቹ ስሕተታቸውን አይተው መንገድ መፈለግ ጀምረዋል። ኒው ዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሪታ ሻሮን የምትባል ሐኪም በሥነ ጽሑፍም ዶክትሬት ይዛ ተማሪዎቿን ልብ ወለድ አስነበበች፤ በካርዱ ላይ የማይጻፈውን የበሽተኛ ነገር በሌላ ደብተር በተራ ቋንቋ አስጻፈቻቸው። አንተ ግን አገርህ የቅኔ አገር ሆና፣ አንዲት ቃል ሁለት ነገር እንደምትሸከም ከሕፃንነትህ እየሰማህ አድገህ፣ በሽተኛህ «ትንሽ ልቤን ይለኛል» ሲልህ ሌላ ምን ሊል እንደፈለገ ለመስማት ትዕግሥት አጣህ።

እናንተም ወላጆች ከወቀሳው አታመልጡም። ጎበዙን ልጅ ለሕክምና፣ ሰነፉን ለታሪክ እያላችሁ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። ታሪክ ያነበበውን ልጅ «ምን ሊበላ ነው?» ብላችሁ አሳፈራችሁት፤ ዛሬ ታማችሁ ስትተኙ ስማችሁን የማይጠራ ሐኪም ሲገጥማችሁ ታዝናላችሁ።

እናንተ የሕክምና መምህራን ደግሞ ስሙኝ። ተማሪው እናንተን ያያል። በራውንድ ላይ የበሽተኛውን ብርድ ልብስ ገልጣችሁ ሳትሸፍኑት ከሄዳችሁ፣ የሥነ ምግባሩን መጽሐፍ አሥር ጊዜ ብታስነብቡት ምን ይጠቅማል? ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩትን ባልደረቦቻችሁን ከዋናው ግቢ ጥሯቸው፤ ለሁለት ሰዓት እንግድነት ሳይሆን ለዓመቱ ትምህርት ጥሯቸው። ፈተናውንም ከአናቶሚው እኩል አክብዱት፤ የወደቀበትም ይድገም።

አንተ ልጄ፣ አንቺም ልጄ፣ የዓመቱን ሥርዓተ ትምህርት አትጠብቁ። ነገ ጠዋት ራውንድ ከመጀመሩ በፊት ከምታክሟቸው አንዱን ምረጡና ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። ቁጭ ብሎ የሚጠይቅንና ቆሞ የሚጠይቅን ሰው በሽተኛ ይለያል። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስታመመው፣ ምን ጥሎ እንደመጣ፣ ሕመሙ ከምን እንደመጣበት እርሱ ራሱ ምን እንደሚያስብ ጠይቁት። አታቋርጡት። ከዚያ በኋላ የሰማችሁትን ጻፉት፤ ካርዱ ላይ አይደለም፣ በራሳችሁ ደብተር ላይ፣ ስሙን ሳትጠቅሱ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ጨምሩ።